ሳይደመጥ የተፈረደበት ሬዲዮ

ስለ አሜሪካ የካቶሊክ ሬዲዮ ጣቢያዎች በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው ስድስት ክሶች አቅርበዋል። ጣቢያዎቹ የቀድሞው የሬዲዮ ሰባኪ የአባ ኮግሊን የጥላቻ ስብከት ወራሾች ናቸው ይላሉ። አድማጭ የሚደውልበት ሰዓት አስቀድሞ የተቀነባበረ ትርኢት ነው፤ ጣቢያዎቹ መስቀል ያንጠለጠሉ የአንድ ፓርቲ አፈ ቀላጤዎች ናቸው፤ የሚናገሩትም ገንዘብ የሚሰጣቸውን ሰው ፊት እያዩ ነው፤ ሬዲዮ የሚባለው ነገር ራሱ ጊዜው አልፎበታል፤ በመጨረሻም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እነዚህ ጣቢያዎች ልጆቻችንን ከተዋሕዶ ለመንጠቅ የተዘረጉ መረቦች ናቸው።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ማንነቴን ልናገር። ካቶሊክ አይደለሁም። የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ልጆቼም በዚያው ተጠምቀዋል። ኑሮዬ በዋሽንግተንና በሜሪላንድ መንገዶች ላይ ሰው ማመላለስ ነው፤ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት ሬዲዮኔን 1160 ኤ ኤም ላይ አደርጋለሁ። እዚያ ቁጥር ላይ የሚገኘው ደብሊው ኤም ኢ ቲ የጓዳሉፔ ሬዲዮ ኔትወርክ ጣቢያ ሲሆን፣ ኢ ደብሊው ቲ ኤን የተባለው የካቶሊክ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ድርጅት ከአላባማ የሚልካቸውን ፕሮግራሞች ከራሱ ዝግጅቶች ጋር ያሰማል። በጽሑፉ ውስጥ የተገለጸውን ጣቢያ እዚያ ቁጥር ላይ ፈልጌ አላገኘሁትም። ጸሐፊው ስለ ካቶሊክ ሬዲዮ የተጻፈ ብዙ ነገር እንዳነበቡ ያስታውቃል፤ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለው ማዳመጣቸውን ግን እጠራጠራለሁ። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንድ ደዋይ፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ አልጠቀሱምና።

አባ ቻርልስ ኮግሊንን በተመለከተ ያሰፈሩት ታሪክ በአብዛኛው ትክክል ነው። ካናዳ ተወልደው በዲትሮይት አቅራቢያ በምትገኘው ሮያል ኦክ ያገለግሉ የነበሩት እኚህ ካህን በ1926 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ደብሊው ጄ አር በተባለ ጣቢያ ላይ ሕፃናትን ማስተማር ጀመሩ። በ1930 ሲ ቢ ኤስ አገር አቀፍ አደረጋቸው። የኢኮኖሚው ድቀት ሲከፋ ስብከታቸው ወደ ባንኮች፣ ከዚያ ወደ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት፣ በመጨረሻም ወደ አይሁዶች ዞረ። አድማጮቻቸው እስከ 30 ሚሊዮን ይገመቱ ነበር። በኅዳር 1938 በጀርመን ምኩራቦች በተቃጠሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማይክሮፎን ፊት ቀርበው ጥፋቱን መልሰው በተጠቂዎቹ ላይ የሚጭን ንግግር አደረጉ። ይህን የሚያስተባብል ሰው የለም፤ እኔም አላስተባብልም።

ነገር ግን ታሪኩ የተጀመረበትም ያለቀበትም እዚያ አይደለም። ኮግሊን ማይክሮፎን ከመጨበጣቸው አምስት ዓመት ቀድሞ፣ በ1921፣ በሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ኢየሱሳውያን (ጄስዊት) የተባለው የካቶሊክ ማኅበር ካህናት ደብሊው ኢ ደብሊው የተባለውን ጣቢያ ከፍተው ነበር። በ1930 ኤን ቢ ሲ የካቶሊክ ሰዓት የተባለውን ሳምንታዊ ፕሮግራም ሲጀምር ዋነኛ ተናጋሪ የሆኑት አባ ፉልተን ሺን ናቸው፤ እርሳቸውም ሰውን በትምህርትና በቀልድ የሚይዙ እንጂ በቁጣ የሚነዱ አልነበሩም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጸሐፊው የአባ ጆን ራያንን ስም አለማንሳታቸው ነው። በዋሽንግተን የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት እኚህ ካህን በጥቅምት 1936 በዚያው በሬዲዮ ወጥተው ኮግሊንን በስም ጠርተው ሞገቷቸው። የስድብ ደብዳቤ ጎረፈላቸው፤ አልተመለሱም። ካህን በካህን ላይ፣ ያውም አገር እየሰማ። የኮግሊን ወራሽ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው የራያን ወራሽስ ማን ነው ብሎ መጠየቅ አለበት።

ማን ዝም አሰኛቸው ለሚለውም መልስ አለ። ከ1938ቱ ንግግር በኋላ በኒውዮርክ የሚገኘው ደብሊው ኤም ሲ ኤ ተከታዩን ስብከት አላስተላልፍም አለ። በ1939 የሬዲዮ ጣቢያዎች ማኅበር አከራካሪ ለሆኑ ተናጋሪዎች የአየር ሰዓት መሸጥን የሚገድብ ደንብ አወጣ፤ በ1940 ኮግሊን ከአየር ወረዱ። በ1942 ደግሞ ሊቀ ጳጳሳቸው ኤድዋርድ ሙኒ ከማንኛውም የፖለቲካ እንቅስቃሴ እንዲታቀቡ አዘዟቸው። በእርግጥ የመንግሥት ጫና ነበረበት፤ በእርግጥም ዘግይቷል። ከሙኒ በፊት የነበሩት ጳጳስ ማይክል ጋላገር በ1937 እስኪሞቱ ድረስ ኮግሊንን በክንፋቸው ሥር ይዘው ኖረዋል። ለዚያ መዘግየት ቤተ ክርስቲያኒቱ ትጠየቅበት። ከዚያ ወዲህ የወጣው የ1983ቱ ቀኖና በቁጥር 216 ማንኛውም ተቋም ከሚመለከተው የቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን ፈቃድ ሳያገኝ ካቶሊክ የሚለውን ስም መያዝ እንደማይችል ይደነግጋል።

ደግሞም የዛሬዎቹ ጣቢያዎች የዘር ሐረግ ሌላ ነው። በ1979 በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ካርል ኪቲንግ የተባለ ጠበቃ ከቅዳሴ ሲወጣ በመኪናዎቹ መስታወት ላይ ቁርባንን የሚያጥላላ በራሪ ወረቀት ተሰክቶ አገኘ። መልስ ጽፎ አሳተመ። ካቶሊክ አንሰርስ የሚባለው ድርጅት መነሻ ይህ ነው፤ በ1998 ደግሞ የዕለት ተዕለት የሬዲዮ ፕሮግራም ጀመረ። በ1981 እማሆይ አንጀሊካ የተባሉ መነኩሲት በአላባማ፣ አይረንዴል፣ በገዳማቸው ጋራዥ ውስጥ ኢ ደብሊው ቲ ኤን የተባለውን የቴሌቪዥን ጣቢያ ከፈቱ፤ በ1992 መጨረሻ አጭር ሞገድ አከሉበት፤ በ1996 ደግሞ ፕሮግራሞቻቸውን ለየትኛውም የካቶሊክ ኤ ኤምና ኤፍ ኤም ጣቢያ በነጻ መስጠት ጀመሩ። በየከተማው ምዕመናን እየተሰባሰቡ የተዳከሙ ጣቢያዎችን መግዛት የቻሉት ከዚያ ወዲህ ነው። የሚያሰሙት ነገር ያለ ክፍያ በሳተላይት ይወርድላቸዋልና።

ኮግሊን ስልክ አይቀበሉም ነበር። ይህን ልብ ይሏል። አንድ ሰው ይናገራል፣ አገር ይሰማል፣ ያበቃል። ሁለተኛው ክስ ላይ ብዙ የምቆየው ለዚህ ነው፤ ጸሐፊው ትርኢት ብለው ያለፉት ነገር የእነዚህ ጣቢያዎች ልብ ነው።

ክሳቸው የተመሠረተው ስልኩን የሚያነሳ ሰው በመኖሩ ላይ ነው። እውነት ነው፣ አለ። ደዋዩ መጀመሪያ የሚያገኘው አቅራቢውን ሳይሆን ስልክ ተቀባዩን ነው። ስምህ ማነው፣ ከየት ከተማ ነህ፣ ጥያቄህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረኝ ይለዋል። ያቺ ዓረፍተ ነገር አቅራቢው ፊት ባለው ኮምፒውተር ላይ ትወጣለች። ድምፁም ወደ አየር የሚለቀቀው ጥቂት ሰከንዶች ዘግይቶ ነው፤ ስድብ ከመጣ እንዲቆረጥ። ይህ ስልክ የሚቀበል ሬዲዮ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራበት መንገድ ነው፤ ስለ እግር ኳስ የሚያወራውም፣ ስለ ቤት ኪራይ የሚያወራውም እንዲሁ ያደርጋል። ወንፊት መኖሩ ምንም አያረጋግጥም። መጠየቅ ያለበት ወንፊቱ ምን ያሳልፋል፣ ምን ያስቀራል የሚለው ነው።

የሚያሳልፈው ተቃዋሚውን ነው። ካቶሊክ አንሰርስ ካቶሊክ ላልሆኑ ሰዎች ብቻ፣ አንዳንዴም ፈጣሪ የለም ለሚሉ ሰዎች ብቻ የሚመድበው ሰዓት አለው። ኢ ደብሊው ቲ ኤን የሚያስተላልፈው የዶክተር ዴቪድ አንደርስ ፕሮግራም ከመነሻው የተዘጋጀው ካቶሊክ ላልሆኑ ደዋዮች ነው፤ እርሳቸው ራሳቸው በፕሬስቢቴሪያን ቤት አድገው፣ የካልቪንን ታሪክ ሲያጠኑ ቆይተው ወደ ካቶሊክነት የገቡ የታሪክ ምሁር ናቸው። ባብቲስቱ ይደውላል፤ ሞርሞኑ ይደውላል፤ ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ይደውላል። ትርኢት የሚያዘጋጅ ሰው ትርኢቱን የሚያበላሽበትን ሰው ወደ ሰልፉ ፊት አያመጣም። በእኛ አካባቢ በሃይማኖት ጉዳይ ተቃዋሚውን አስቀድሞ የሚያናግር የአየር ሰዓት ያለው ጣቢያ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

አንድ ጥሪ ልግለጽ። ሰውየው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከኋላው የሞተሩ ድምፅ ይሰማል። ወንድሙ ሚስቱን ፈትቶ፣ ከቤተ ክርስቲያን ውጪ፣ በአትክልት ቦታ ሌላ ሊያገባ ነው። ሚዜ ሁንልኝ ብሎታል። መሄድ ኃጢአት ነው ወይ? ብሎ ጠየቀ። አቅራቢው ወዲያው አልመለሰም። መጀመሪያ የወንድሙን ዕድሜ፣ ከዚያ የፊተኛው ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ መሆኑን፣ ከዚያ ወላጆቻቸው በሕይወት መኖራቸውን ጠየቀ። ሹፌሩ ለመጨረሻው ጥያቄ እናታችን አለች፣ እሷ አትሄድም ብሎ ዝም አለ። በሬዲዮ ላይ ዝምታ ረጅም ነው። ከዚያ አቅራቢው ቀኖናው በሠርግ ላይ መገኘትን በቀጥታ የሚከለክል አንቀጽ እንደሌለው፣ ሚዜ መሆን ግን ከመገኘት እንደሚለይ፣ ምስክር ሆኖ መቆም የማያምንበትን ነገር በፊርማው እንደሚያጸና ማስረዳት ጀመረ። ሚዜነቱን እምቢ በል፣ ወንድምህን ግን ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት እራት ጋብዘው አለው። ይህንኑ ዓይነት ጥያቄ በሌላ ቀን፣ በሌላ ፕሮግራም፣ ሌላ አቅራቢ ሲመልስ ሰምቻለሁ፤ ያኛው ጠንካራ ነበር፤ በፍጹም እንዳትሄድ ነበር ያለው። ሁለቱም ካቶሊኮች ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ጣቢያ ላይ ነው የተናገሩት። የተቀነባበረ ነገር እንዲህ እርስ በርሱ አይጋጭም።

ጸሐፊው ያላዩት ሌላም ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ የፖለቲካ የንግግር ሬዲዮ የገነነው በ1987 ጣቢያዎች ተቃራኒ አስተያየት እንዲያሰሙ ያስገድድ የነበረው ደንብ ከተሻረ በኋላ ነው፤ የፖለቲካ ፕሮግራም አቅራቢው ራሽ ሊምቦ በ1988 አገር አቀፍ ሆነ፣ ሌሎች ተከተሉት። በዚያ ዓይነት ሬዲዮ አቅራቢው የሚመራበት መጽሐፍ የለውም፤ ዛሬ ያለውን ነገ ቢገለብጠው የሚጠይቀው የለም። ካቶሊኩ አቅራቢ ግን ጠረጴዛው ላይ 2,865 ቁጥሮች ያሉት፣ በ1992 የወጣ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ አለ፤ ያው መጽሐፍ ደዋዩም እጅ ላይ አለ። በነሐሴ 2018 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በዚያ መጽሐፍ ቁጥር 2267ን ለውጠው የሞት ቅጣት ተቀባይነት የለውም የሚል አስገቡበት። ብዙዎቹ አድማጮች የሞት ቅጣትን የሚደግፉ ሰዎች ናቸው፤ እየደወሉ ይህ ነገር እንዴት ነው አሉ። አቅራቢዎቹ ወደዱም ጠሉም አዲሱን ቁጥር ማንበብና ማስረዳት ነበረባቸው። አንዳንዱ ሲያስረዳ ምራቁ እንደደረቀበት በድምፁ ይታወቅ ነበር። የፓርቲ አፈ ቀላጤ እንዲህ ያለ ችግር አይገጥመውም።

የስልክ ሰዓቱ ሁሉ የተወደደ ነው ማለቴ አይደለም። መልስ በሰዓት ይለካል። ልጇን ለቀበረች እናት ሁለት ደቂቃ ሰጥቶ ወደ ሙዚቃና ወደ መጽሐፍ ማስታወቂያ የሚዞር አቅራቢ ሰምቼ ሬዲዮውን ያጠፋሁበት ቀን አለ። አንዳንዶቹም ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ከኪሳቸው ያወጣሉ። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ኖሮ እጄን አውጥቼ እመሰክርላቸው ነበር።

የፓርቲው ክስ ከሁሉ የተሻለ መሠረት ያለው ነው። ከውርጃ ጉዳይ ጋር በተያያዘ የሚሰጠው የአየር ሰዓት ከሌላው ሁሉ እንደሚበልጥ ለሚያዳምጥ ሰው ግልጽ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውርጃን በአገር አቀፍ ደረጃ የፈቀደውን የ1973ቱን ውሳኔ በሰኔ 2022 ከሻረ በኋላም አልቀነሰም። በየካቲት 2025 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ስደተኞችን በጅምላ ማባረርን አስመልክተው ለአሜሪካ ጳጳሳት ደብዳቤ ሲጽፉ እንደ እኔ ያለ ስደተኛ አድማጭ ሰፊ ውይይት ይጠብቅ ነበር፤ እኔ ባዳመጥኳቸው ሰዓታት የተሰጠው ቦታ ግን ቅር አሰኝቶኛል። በ2021 ያው አባት በስሎቫኪያ ዋና ከተማ በብራቲስላቫ ከኢየሱሳውያን ጋር ሲነጋገሩ አንድ ትልቅ የካቶሊክ የቴሌቪዥን ጣቢያ እርሳቸውን ያለማቋረጥ እንደሚነቅፍ በምሬት ተናግረዋል፤ ስም አልጠሩም፣ ብዙ ሰው ግን ኢ ደብሊው ቲ ኤንን ማለታቸው ነው ብሎ ተረድቶታል። ይህ ሁሉ ለጸሐፊው የሚያገለግል ማስረጃ ነው። እርሳቸው ግን ይህን ትተው ጣቢያዎቹ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ዜና ማውራታቸውን የፖለቲካ ሽፋን አድርገው አቀረቡት፤ የሃይማኖት ሬዲዮ ጸሎትና ስብከት ብቻ ሊኖረው ይገባል ይላሉ።

ለዚህ መልስ ለማግኘት አላባማ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በ1963 አዲስ አበባ ላይ የከፈተው ብሥራተ ወንጌል፣ በ1977 ደርግ እስኪወርሰው ድረስ፣ ከፕሮግራሙ 30 በመቶውን ለስብከት፣ 70 በመቶውን ለዜና፣ ለትምህርትና ለጤና ነበር የሚመድበው። ስለ ሕፃናት ክትባት የተናገረ የሃይማኖት ሬዲዮ ሃይማኖቱን ሸፈነ የሚል ሰው በዚያ ዘመን አልሰማንም። ዛሬም ዶክተር ሬይ ጓሬንዲ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ አሥር የጉዲፈቻ ልጆች ያሳደጉ አባት፣ ስለ ልጅ ቅጣት ደዋይ ሲያማክሩ ማዳመጥ የፖለቲካ ትምህርት መውሰድ አይደለም። እኔ ከእርሳቸው የወሰድኩት ልጄ ስልኩን አልሰጥም ሲል መጮሄን ማቆም ነው። በዚያ ላይ እነዚህ ጣቢያዎች ከግብር ነጻ የሆኑ ድርጅቶች ናቸው፤ ከ1954 ጀምሮ ያለው ሕግ እንዲህ ያለ ድርጅት ለምርጫ የቀረበን ሰው ደግፎ ወይም ተቃውሞ እንዳይናገር ይከለክላል። ሕጉን በዘዴ የሚያልፍ የለም አልልም። ዕጩን በስም ሳይጠሩ በጉዳዩ ብቻ እየጠቆሙ ማለፍ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ በየትኛውም አገር መድረክ ላይ የታወቀ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ጸሐፊው ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለውን ተረት ጠቅሰዋል። ጥሩ፤ እንግዲህ የት እንደሚበላ እንይ። አብዛኞቹ ጣቢያዎች ለትርፍ አይሠሩም። ለትርፍ ያልተቋቋመ ፈቃድ ያለው ጣቢያ ማስታወቂያ መሸጥ አይችልም፤ የረዳውን ድርጅት ስም ይጠራል እንጂ ዋጋ አይናገርም፣ ሂዱና ግዙም አይልም። በኤፍ ኤም ከ88 እስከ 92 ያለው የሞገድ ክፍል በሙሉ ለእንዲህ ያሉ ጣቢያዎች የተከለለ ነው። ስለዚህ ከአድማጭ ይለምናሉ። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ፣ ለቀናት፣ መደበኛው ፕሮግራም ተቋርጦ ስልክ ቁጥር ይደጋገማል፤ አንዷ ከቴክሳስ 20 ዶላር ሰጠች፣ አንዱ በሟች ሚስቱ ስም በወር 10 ዶላር ቃል ገባ እየተባለ ይነበባል። አሰልቺ ነው። እኔም ያን ሳምንት ወደ ሌላ ቁጥር እሄዳለሁ። ነገር ግን ብዙ ትንንሽ ሰጪዎች ያሉት ሰው ለአንዱ ትልቅ ሰጪ የመጮኽ ግዴታው ይቀንሳል። ትልልቅ ሰጪዎችም አሉ፤ በሚሺጋን ለአቬ ማሪያ ሬዲዮ መነሻ የሆኑት የዶሚኖስ ፒዛ መሥራች ቶማስ ሞናጋን ናቸው፤ የእርሳቸውን ወግ አጥባቂ አቋም ማንም ያውቀዋልና እዚያ ላይ ጆሮን ማንቃት ተገቢ ነው። ገንዘባቸው እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ አይታወቅም የሚለው ግን ስሕተት ነው። አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው ነጻ ቢሆኑም ምዕመናን ያቋቋሟቸው እንዲህ ያሉ ድርጅቶች በጥቅሉ ገቢያቸውን፣ ወጪያቸውንና የኃላፊዎቻቸውን ደመወዝ የሚያሳይ ዓመታዊ ቅጽ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያቀርባሉ፤ ቅጹም ለማንም ክፍት ነው። ለሕንፃ ማሠሪያ ጃንጥላና ሥዕል በጨረታ እያሻሻጥን፣ ሪፖርቱን ግን በአዳራሽ ውስጥ በጭብጨባ የምናሳልፍ እኛ በዚህ ነገር ላይ ድምፃችንን ዝቅ ብናደርግ ይሻላል።

ሬዲዮ ሞቷል ለሚለው ብዙ አልደክምም። የኤ ኤም ሞገድ በድልድይ ሥር ሲያልፉ ይጠፋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ብዙ ጣቢያዎች ኃይላቸውን ስለሚቀንሱ ማታ ማታ ይሸሻል፤ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ሞተር ይረብሸዋል በሚል አንዳንድ አምራቾች ኤ ኤምን ከመኪና እያወጡ ነው። ፎርድ በ2023 ሊያወጣው ብሎ ተቃውሞ ሲበዛበት መለሰው። ያም ሆኖ ያው ፕሮግራም በስልክ ይሰማል። የሚያዳምጡት ሽማግሌዎች ናቸው የሚለውም ቢሆን፣ ሽማግሌ ማዳመጡ ጥፋት የሚሆንበት ምክንያት አልገባኝም።

ወደ ተዋሕዶው ነገር ልምጣ። ይህን ፍርሃት አልንቀውም። በ1622 ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ተቀብሎ፣ በ1632 ለፋሲለደስ ዙፋኑን እስኪለቅ ድረስ የፈሰሰው ደም በታሪካችን ውስጥ አለ፤ ኢየሱሳዊ የሚለውን ስም ስንሰማ ዛሬም የሚቆረቁረን ነገር አለ። ጸሐፊው ግን ከዚያ ዘመን ወደ 1160 ኤ ኤም በአንድ ዝላይ ይሻገራሉ።

ጣቢያውን ባዳመጥኩበት ጊዜ ሁሉ ስለ እኛ የሰማሁት ወጥመድ ሳይሆን አለማወቅ ነው። ደዋይ በካቶሊክና በኦርቶዶክስ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ የሚመለስለት ስለ ግሪክና ስለ ሩሲያ ነው፤ ስለ 1054ቱ መለያየት፣ ስለ መንፈስ ቅዱስ ሥርጸት፣ ስለ ሮሙ ሊቀ ጳጳሳት ሥልጣን። የእኛ ነገር ከ1054 ጋር ግንኙነት የለውም። እኛ የተለየነው በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ነው፤ ክርክሩም በሥጋዌ ምሥጢር ላይ ነው። በ1973 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛና የግብፁ ፓትርያርክ ሺኖዳ ሦስተኛ በዚሁ ምሥጢር ላይ የጋራ መግለጫ መፈራረማቸውን፣ በጥቅምት 2009 አቡነ ጳውሎስ ቫቲካን ላይ በአፍሪካ ጳጳሳት ሲኖዶስ ተገኝተው መናገራቸውን ያነሳ አቅራቢ እኔ አልሰማሁም። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቢጠይቅ አቅራቢው ስለ ታቦተ ጽዮን አንድ ቀልድ ተናግሮ ወደ ሚቀጥለው ደዋይ አለፈ። የመኪናውን መሪ መታሁት።

የሚያሳፍረው፣ የራሳቸውን ወገንም አለማወቃቸው ነው። በግዕዝ የሚቀድሱ ካቶሊኮች አሉ፤ እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ የኪዳነ ምሕረት የግዕዝ ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን አላቸው፤ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ፤ አቡነ ብርሃነኢየሱስ በ2015 ካርዲናል ሆነዋል። የቫቲካን ሬዲዮ፣ የሬዲዮ ፈልሳፊው ማርኮኒ ራሱ ሠርቶት በየካቲት 1931 የተመረቀው፣ በአማርኛና በትግርኛ ክፍሎች አሉት። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱም ወደ አሜሪካው የስልክ ሰዓት አልደረሰም። አንድ የግዕዝ ሥርዓት ካህን በእንግድነት ቢጋብዙ ግማሹ ስሕተት በአንድ ሰዓት ይታረም ነበር። ስለዚህ ክሱ ይነጥቁናል የሚል ከሚሆን ረስተውናል የሚል ቢሆን እኔም ከጸሐፊው ጎን እቆም ነበር።

ልጆቻችንን የሚወስድብን ካለ ሬዲዮው አይመስለኝም። የእኔ ልጆች ሁለት ነገር ደጋግመው ይጠይቃሉ፦ በጾም ለምን ወተት አይጠጣም፣ ለሞተ ሰው ለምን ፍትሐት ይደረጋል። የምችለውን እመልሳለሁ፤ የማልችለውን ካህኑን ጠይቁ እላለሁ። ካህኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ክርስትናም ሠርግም አለባቸው። በአማርኛ ያሉን የመንፈሳዊ ፕሮግራሞች ደግሞ ያማረ ዝማሬና ያማረ ስብከት አላቸው፤ ሰባኪው ተናግሮ ይወርዳል፣ የሚጠይቅ የለም። እንግሊዝኛ ብቻ የሚገባቸው ልጆች ጥያቄያቸውን ስልክ ወደሚያነሳላቸው ቢወስዱ ማንን እንወቅሳለን? ከሊቃውንቶቻችን አንዱ፣ እንግሊዝኛ ከሚያውቅ ዲያቆን ጋር ሆነው፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ያለ ስብከት ጥያቄ ብቻ ቢቀበሉ የሚጠይቀው ገንዘብ ከአንድ የጃንጥላ ጨረታ አይበልጥም። ደዋይ ይጠፋል ብለው እንዳይሰጉ፤ ከእኔ ቤት ብቻ ሁለት አሉ።